የቆረር በር

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊኖስ ሁለተኛ ባረፉ በአርባ አንደኛው ቀን፣ በኅዳር 2087 ዓ.ም. አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወልቂጤ የምትኖረው ሶልያና ድንቁ ለምስክርነት ተጠራች። ጥሪው አጭር ነበር፦ ሟቹን ከአንድ ዓመት በላይ በቅርብ ያውቋቸው ስለነበር፣ ድምፃቸው ሲሠራ ቃልዎን ይሰጣሉ፤ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ይቅረቡ። ሶልያና መልእክቱን ሁለት ጊዜ ሰምታ የጀመረችውን ጎመን መክተፏን ቀጠለች። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወሬው ቀድሟት ደረጃውን ወረደና ጎረቤቶቿ እንኳን ደስ ያለዎት ሊሏት መጡ። እሷ ግን ደስ አላላትም። ይህን ጥሪ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጠብቀውም ስትፈራውም ኖራለች።

የሞተን የሮም ጳጳስ ድምፅ መሥራት በዚያን ዘመን የተለመደ ነገር ነው። ሮም ያለው የድምፅ ማኅደር ሥራ ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አባቶች የጻፉትን፣ የሰበኩትን፣ ሌላው ስለ እነሱ የጻፈውን ሁሉ ለማሽን እየመገበ በመንበሩ የተቀመጡትን በየተራ ድምፅ ሰጥቷቸዋል። የቀረ አንድ ብቻ ነው፤ ጴጥሮስን ለመሥራት የደፈረ የለም። ሌሎቹ ሁሉ ይጠየቃሉ፣ ይመልሳሉ።

ሶልያና በምትኖርበት ሕንፃ ድምፅ የማይከፈትበት ቤት የለም። ከሥር ያለው ጎረቤቷ ሥራው በሰለቸው ቁጥር ሴሌስቲኖስ አምስተኛን ያማክራል፤ ባሕታዊ ሆነው ኖረው፣ በሰማንያ ዓመታቸው ገደማ ተመርጠው፣ በአምስተኛው ወር መንበሩን በገዛ ፈቃዳቸው የተዉትን። እስካሁን ሦስት ሥራ ለቋል። ከላይ ያሉት ጡረተኛ መምህር ደግሞ በየዕንቁጣጣሹ ጎርጎርዮስ ዐሥራ ሦስተኛን ከፍተው፣ ከዘመን አቆጣጠር ዐሥር ቀን መቁረጥ ምን የሚሉት ነገር ነው ብለው ይሞግታሉ። ድምፁ በትሕትና ያዳምጣቸውና በሐሳባቸው ይስማማል። ባልና ሚስት የተጣሉ እንደሆነ ሁለቱም የየራሳቸውን ጳጳስ ይከፍታሉ፤ ሁለቱም ጳጳሳት ያንኑ መልስ ይሰጣሉ።

እንዲህ የሆነው ማኅደሩ በየዓመቱ ድምፆቹን ስለሚያጠራ ነው። ሰው የሚያስቀይመው፣ እርስ በርሱ የሚጋጨው፣ አድማጭን ግራ የሚያጋባው እየተለየ ይወጣል። የወጣው በመዝገብ ስሙ «ትራፊ» ይባላል። ሶልያና ግን እንደ ጠላ ቆጥራ አተላ ነበር የምትለው። ወጣት ሳለች፣ ስቴፋኖስ ስድስተኛ የሚባሉት ጳጳስ ከእሳቸው ጥቂት ቀድመው የነበሩትን ፎርሞሶስን ከመቃብር አስወጥተው፣ ሬሳቸውን ወንበር ላይ አስቀምጠው መክሰሳቸውን ሰምታ ነበር፤ በሬሳው ፈንታ አንድ ዲያቆን እንዲመልስ ተደርጎ ነበር አሉ። አንድ ቀን የስቴፋኖስን ድምፅ ስለዚያ ጉዳይ ጠየቀችው። ያለፈው በፍቅር ተዘግቷል፣ አላት። የፎርሞሶስንም ጠየቀች። እሱም ያንኑ አላት፤ በዚያው ለዛ። ከዚያ ወዲህ ድምፅ ከፍታ አታውቅም።

የሊኖስ ሁለተኛ ድምፅ ግን ዓለም ሁሉ የሚጠብቀው ነበር። «የበሮች ጳጳስ» ይሏቸዋል። በነገሡ በሁለተኛው ዓመት የትኛውም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር የሚቆለፍ በር እንዳይኖረው አዘዙ። በየአገሩ የብረት በር ሁሉ እየተነቀለ ወጣ። ዘረፋ ይበዛል ብለው የተቃወሙ ብዙ ነበሩ፤ ዘረፋም ነበረ። ቢሆንም ጎርፍና ጦርነት ባልተለየው በዚያ ዘመን፣ ሰው መሸሻ ሲያጣ ወዴት እንደሚሮጥ ዐወቀ። ይህን ሐሳብ ከየት እንዳመጡት የጠየቋቸው ሁሉ ያገኙት መልስ አንድ ነው፤ «ከቆረር» ይላሉ፣ ሌላ አይጨምሩም።

ቆረር ከዋቤ ወንዝ በላይ ያለች፣ አንድ ቄስ የሚመራት ትንሽ ቁምስና ናት። ጳጳሱ ገና አባ ናሁሠናይ ተብለው የሚጠሩ የሠላሳ አንድ ዓመት ቄስ ሳሉ መጀመሪያ የተመደቡት እዚያ ነበር። ያን ጊዜ የግቢው ቁልፍ ያዥ ሶልያና ነበረች።

የምስክርነት ቢሮው በአንድ የቀድሞ ባንክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቃል ተቀባዩ ያፌት ሙሉዓለም ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው። ወንበር ስቦ አስቀመጣትና፣ ሳትጠይቀው ስለ ራሱ ነገራት። የዛሬ ዐሥር ዓመት ቆላ ለሥራ ወርዶ ሳለ ውጊያ ተነሥቶ፣ ከሚስቱ ጋር አንድ በር አልባ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዐሥራ አንድ ቀን ተጠልሏል። ቅዱስ አባታችን ባይኖሩ ዛሬ አልነበርኩም፣ አላት። ሶልያና ይህን ስትሰማ ልቧ ከበዳት።

በመጀመሪያው ቀን ስለ አባ ናሁሠናይ ድምፅ ተናገረች፤ ዜማ አይሆንላቸውም ነበር፣ ቅዳሴውን ሲጀምሩ መዘምራኑ አንገታቸውን ይደፋሉ። ቆጮ በጎመን እንደሚወዱ፣ ጫማቸውን ራሳቸው እንደሚሰፉ፣ ንብ እንደሚፈሩ ተናገረች። ያፌት እየሳቀ ተቀበላት። በሁለተኛው ቀን ስለ ስብከታቸው ጠየቃት፤ ያንንም ተናገረች። በሁለቱም ቀን ስትወጣ ደረጃው ላይ ቆማ ተመልሳ መግባት አሰበችና ተወችው።

በሦስተኛው ቀን ገና ሳይጠይቃት፣ «ልጄ፣ አባ ከሱልጣን ጀምሪ ብለውኝ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ሌላውን ሳወራህ ከረምኩ» አለችው።

ሱልጣን ማን እንደሆነ ጠየቃት። ነገረችው።

ነገሩ የሆነው በ2045 ነሐሴ ውስጥ ነው። ዋቤ ሞልቶ ቆላውን ዋጠው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከታች ያሉት መንደሮች ሕዝብ፣ ሦስት መቶ የሚሆን ሰው፣ በዝናብ እየተመታ ወደ ቆረር ኮረብታ ወጣ። በዚያው ሳምንት ታች አተት ገብቷል፤ ሰው ረግፏል። ግቢው ውስጥ ደግሞ አርባ አዳሪ ተማሪዎች ነበሩ። አባ ናሁሠናይ ከደጃፉ ቆመው የሚመጣውን ሕዝብ አዩ። ከዚያ ዞር ብለው፣ «ሶልያና፣ ቆልፊው» አሉ። ቆለፈች። ለምን አላለችም። እሷም ፈርታ ነበርና።

ሕዝቡ መጀመሪያ አንኳኳ፤ ቀጥሎ ጮኸ፤ ኋላ ዝም አለ። አባ መቅደስ ገብተው ተንበረከኩ። እሷ ቁልፉን ይዛ ከበሩ ጀርባ ቆመች። በብረቱ ክፍተት ታያቸው ነበር። ከመካከላቸው ሱልጣን ከድር ነበሩ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ግንበኛ። ያንን ቅጥር፣ ያንን የበር ዐምድ፣ በገዛ እጃቸው የገነቡት እሳቸው ናቸው። እስላም ቢሆኑም የቆረርን ቤተ ክርስቲያን ከመሠረቱ ጀምሮ ያቆሙት እሳቸው ስለነበሩ አገሩ ሁሉ «የኛ ሱልጣን» ይላቸው ነበር። ልጃቸው ሙፊዳ ደግፋ ከዐምዱ ሥር አስቀመጠቻቸው። ሙፊዳ በብረቱ በኩል ሶልያናን አየቻት። በስሟ ጠራቻት። «አባቴን ብቻ አስገቢው፣ እኔ እዚሁ እቀራለሁ» አለቻት። ሶልያና ከክፍተቱ ዘወር አለች።

ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል አባ ከመቅደስ ወጡ። መልካቸው ተለዋውጦ ነበር። ቁልፉን ከእጇ ወስደው ራሳቸው ከፈቱ። ሕዝቡ ገባ። ሱልጣን ከድር ግን አልተነሡም፤ ዐምዱን እንደተደገፉ ሞተው ነበር። በሽታም አልነበረባቸውም። ብርዱ ነው የገደላቸው። በማግሥቱ አባ ናሁሠናይ ከወንዶቹ ጋር መቃብራቸውን ቆፈሩ፤ ጀናዛው ሲወርድ በጭቃው ውስጥ ከኋላ ቆሙ። በሦስተኛው ቀን የቆረርን በር ነቅለው ወደ ገደል ሰደዱት። ግቢው ከዚያ ወዲያ በር ኖሮት አያውቅም።

ሶልያና ከቆረር ወጥታ ወልቂጤ ገባች፤ ሌላ ሥራ ያዘች፣ አገባች፣ ባሏን ቀበረች። አባ ናሁሠናይ የሀገረ ስብከት ጳጳስ ሆኑ፣ ካርዲናል ሆኑ። በ2075 ለምርጫ ወደ ሮም ሊሄዱ ሲነሡ ቤቷ ድረስ መጡ። ምናልባት አልመለስ ይሆናል፣ አሏት። «ስሞት ድምፅ ይሠሩልኛል። አንቺንም ይጠሩሻል። ከሱልጣን ጀምሪ። እነሱ ሊያነጹኝ ይፈልጋሉ፤ አንቺ ግን እንዳትፈቅጂላቸው።» ያን ጊዜ እሺ ብላቸው ነበር።

ያፌት እስክትጨርስ አላቋረጣትም። ስትጨርስ ይቅርታ ጠይቋት ወደ ቀጣዩ ክፍል ገባ። በቀጭኑ ግድግዳ በኩል ድምፅ ሲከፍት ሰማችው፤ የትኛውን ጳጳስ እንደጠየቀ አልለየችም፤ መልሱ ግን ለስላሳ ነበር። ሲመለስ ፊቱ ገርጥቶ ነበር።

አንድ ምስክር ብቻውን አይበቃም፣ አላት። ከሟቹ ዋና ቅርስ ጋር የሚጋጭ ነገር ሲሆን ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል፤ ያለዚያ በቀጥታ ትራፊ ይሆናል። ቀጥሎም፣ እንደ ቢሮ ሰው ሳይሆን እንደ ልጅ፣ ሁለተኛው ምስክር ባይመጣ እንደሚሻል ነገራት። ሰዉ የሚወደውን ነገር ማጨለም ለማን ይጠቅማል?

«ሌላ ያየ ሰው አለ?» አላት።

«አለች» አለችው። «ዓይኗን ካየሁ ግን አርባ ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

ቆረር ከወልቂጤ ሩቅ አይደለችም። መኪናው ያለ ሹፌር ይወስዳል፤ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሶልያና በዚያ መንገድ ላይ ርቀቱን ስታስብ አፈረች። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ መንገዱ አንድ ሰዓት ነበር።

ሙፊዳ ሱልጣን በእንሰት የተከበበ የአባቷ ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው። ስልሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለች ሴት፤ መነጽር አጥልቃ ሰሌን እየሠራች አገኘቻት። ሶልያና ገና ከደጅ ሳለች ዐወቀቻት። አልተነሣችም። ተቀመጪም አላለቻትም።

ሶልያና ቆማ ነገሩን ነገረቻት፤ መጠራቷን፣ ሁለት ቀን እውነቱን መሸሸጓን፣ ሁለተኛ ምስክር መፈለጉን። ሙፊዳ እጇን ሳታቆም ሰማቻት።

«አባ በየዓመቱ ይመጡ ነበር» አለች ሙፊዳ በመጨረሻ። «በዚያች ቀን፣ በነሐሴ። ሮም ሄደው እንኳ በዚያች ቀን ይደውሉ ነበር። መጀመሪያ ሰባት ዓመት በሩን አልከፈትኩላቸውም። ከደጅ ቆመው ይሄዳሉ። በስምንተኛው ከፈትኩ። አውፍ አልኳቸው፤ ይቅር አልኳቸው፣ ከልቤ።» ሰሌኑን አስቀመጠች። «አንቺን ግን አላልኩሽም። መጥተሽ አታውቂምና።»

«መጣሁ» አለች ሶልያና።

«ዘገየሽ።»

«አዎ። ዘገየሁ። ስጠሪኝ ሰምቼሻለሁ፣ ሙፊዳ። አልሰማሁም እንዳልልሽ ነው የመጣሁት። ሰምቼ ነው ዘወር ያልኩት።»

ሙፊዳ መነጽሯን አውልቃ አየቻት። ኋላ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የእጅ ውሃ ይዛ ነበር፤ አስታጠበቻት። ቆጮና አይብ አቀረበች። ሶልያና መቀመጧን እንኳ አላወቀችም፤ ቆጮው አልቆረስ አላት። ሙፊዳ ቆርሳ ሰጠቻት።

«አውፍ» አለቻት። «አሁን ብዪ።»

በማግሥቱ ሁለቱ ሴቶች አንድ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወልቂጤ ገቡ። ሙፊዳ ቃሏን ሰጠች። ያፌት አንድም ሳይቀንስ መዘገበውና ወደ ሮም ላከው።

መልሱ ለስድስት ሳምንት ቆየ። ሲመጣ ሦስት መስመር ብቻ ነበር። ሁለቱ ምስክሮች ይመሰገናሉ፤ ቃላቸው ተመርምሯል፤ የሟቹን ቅርስ አንድነት ስለሚነካ በትራፊ ይቀመጣል።

ያፌት መልሱን ራሱ ቤቷ ድረስ አምጥቶ አነበበላት። እንዳዘነ ያስታውቅ ነበር፤ ደግሞም እፎይ እንዳለ ያስታውቅ ነበር። ሶልያና አልተቆጣችም። ድምፁ መቼ እንደሚሰማ ብቻ ጠየቀችው። ማኅደሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ሕግ አለው፤ ድምፅ ከመታተሙ በፊት፣ ሟቹን ገና ሳይመረጡ የሚያውቋቸው ሰዎች በሕይወት ካሉ በእነሱ ፊት ይቀርብና ጸሐፊው «እሱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ምስክሮቹ «እሱ ነው» ይላሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አይደለም ያለ ሰው ስለሌለ ነገሩ እንደ ወግ ብቻ ቀርቷል።

የቀረበው በሰኔ፣ በምስክርነት ቢሮው አዳራሽ ነው። ከሮም የማኅደሩ መልእክተኛ መጥተዋል፤ አዳራሹ ሰው ሞልቷል። ሙፊዳም ከኋላ ተቀምጣለች። ድምፁ ሲከፈት ሶልያና ደረቷን ያዘች። ራሳቸው ናቸው። ቃል ከመጀመራቸው በፊት የሚያደርጓት ትንሿ ሳል እንኳ አልቀረችም። ሰው አለቀሰ። መልእክተኛው አንድ ሁለት ጥያቄ ጠየቁ፤ ድምፁ ስለ እንግዳ መቀበል የሚያምር መልስ ሰጠ። ቀጥሎ ተራው የሶልያና ሆነ።

«አባ» አለች። «በአርባ አምስቱ ጎርፍ የቆረርን በር ማን ነው የዘጋው?»

ድምፁ ሞቅ ባለ ቃል መለሰ። «ያን ቀን በቆረር በራችንን ከፈትን። ከውጭ የቀረ አንድም ሰው አልነበረም።»

ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። ሙፊዳ ተነሥታ፣ ማንንም ሳታይ፣ ወጣች።

ጸሐፊዋ እንደ ወጉ፣ «እሱ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አይደለም» አለች ሶልያና።

ጥያቄው ምናልባት አልገባቸው ይሆናል ብለው መልእክተኛው አስደገሙላት። ሶልያና ተነሣች።

«ድምፁ የሳቸው ነው። ሰውየው ግን እሳቸው አይደሉም። የመጀመሪያው ጳጳስ ጴጥሮስ ጌታን ሦስት ጊዜ ካደ፤ አራቱም ወንጌላት ጽፈውታል፣ አንዱም አላጠራለትም። እኔ መቼም ራሱ ሳይናገረው አልቀረም እላለሁ። አባም ተናገሩ፤ ለኔ ነገሩኝ፣ ለናንተ እንድነግር። በሩን ዘግተው ነበር። እኔ ነኝ የቆለፍኩት። ሱልጣን ከድር ሞቱ። በዓለም ላይ ያለው በር ሁሉ የተነቀለው በዚያች አንዲት በር ምክንያት ነው። መዝጋታቸውን ከወሰዳችሁባቸው፣ መክፈታቸውን ከየት አመጡት ልትሉ ነው?»

ተቀመጠች። መልእክተኛው ወደ ያፌት ዞረው፣ ወይዘሮዋ ደክሟቸዋልና ሌላ ቀን ይጠየቁ አሉ። ያፌት የዚያን ቀን ወደ ቀጣዩ ክፍል አልገባም፤ ማንንም አልጠየቀም። ጸሐፊዋን፣ «አይደለም ብለዋል። አይደለም ብለሽ ጻፊ» አላት። በማኅደሩ መዝገብ ያ ቃል ሲጻፍ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ቀላል አልነበሩም። ከሮም ደብዳቤ መጣ፣ ሰው መጣ፤ የሚያባብልም መጣ፣ የሚያስፈራራም መጣ። ጎረቤቶቿ ሰላምታ ቀነሱባት። ጡረተኛው መምህር እንኳ ደረጃ ላይ አስቁመው፣ የተቀደሰን ሰው ስም ማጉደፍ ምን ይጠቅማል ብለው ገሠጿት። ሶልያና ሁሉንም አዳመጠች፤ ለሁሉም ያንኑ መለሰች። የገረማት የራሷ ነገር ነው። በእነዚያ አርባ ሁለት ዓመታት ሁሉ እንደ አሁኑ እንቅልፍ ወስዷት አያውቅም። በየሐሙሱ ቆረር ትወርዳለች፤ ከሙፊዳ ጋር ሰሌን ይሠራሉ። የሶልያና ሰሌን ጠማማ ነው፤ ሙፊዳ እየፈታች ታስደግማታለች።

ማኅደሩ ያለ ምስክር ቃል ማተም አይችልም። ሕጉን እንዳይሽረው ደግሞ ስምንት ሺህ ሚሊዮን ሰው ያያል። ያፌት በዚያው ሰሞን የራሱን ምስክርነት ጽፎ ከሁለቱ ሴቶች ቃል ጋር አያይዞ ላከ። በዚያ በር አልባ ቤተ ክርስቲያን ዐሥራ አንድ ቀን የተጠለልኩ እኔ ነኝ፣ ሲል ጻፈ፤ በር የከፈተልኝ አንድ ጊዜ ዘግቶ ያየ ሰው መሆኑን ማወቄ ምስጋናዬን አላጎደለውም፤ ይልቅ እኔም የዘጋሁትን እንዳስብ አደረገኝ። ይህ ጽሑፍ ከቢሮ ቢሮ ዞረ። ሌሎች ቃል ተቀባዮችም፣ በየአገሩ፣ በእጃቸው ያለውን ትራፊ እያነሡ መጠየቅ ጀመሩ። በመስከረም መልስ መጣ፤ አንድ መስመር ብቻ ነበር። የሁለቱ ምስክሮች ቃል ይግባ።

ድምፁ ለሁለተኛ ጊዜ የቀረበው በኅዳር 2088 ነው፤ በዚያው አዳራሽ። ሰዉ ከመጀመሪያው ይልቅ በዝቷል፤ ያኮረፉት ሁሉ መጥተዋል። ያፌት ሁለቱን ሴቶች ከፊት ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ድምፁ ተከፈተ፤ ያችን ሳል ሳለ። ሶልያና ለመጠየቅ ተነሣች፤ ሙፊዳ ግን ክንዷን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት። ራሷ ቆመች።

«ነሐሴ፣ አርባ አምስት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት» አለች። «በሩን ማን ዘጋው?»

ድምፁ ወዲያው አልመለሰም። ሶልያና ያን ዝምታ ዐወቀችው፤ ከባድ ነገር ሲጠየቁ እንደዚያ ነበሩ።

«እኔ ነኝ» አለ ድምፁ። «ቆልፊው አልኩ።»

«ለምን?»

«አርባ ተማሪዎች አሉብኝ ብዬ ነበር ለራሴ የነገርኩት። እሱም እውነት ነው። ግን ስለ እነሱ ብቻ አልነበረም። ለራሴ ፈርቼ ነው።»

ድምፁ ቀጠለ። አላጽናናም፤ ስብከትም አልጨመረም። «ሱልጣን ከድር ከውጭ ሞቱ። ከእኔ ሃያ እርምጃ እንኳ አይርቁም ነበር። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ እሳቸውን አይመልስም። ያንን ዐውቄ ነው የሠራሁት።»

ሙፊዳ ቆማ ቀረች። ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። መልእክተኛው አንገታቸውን ደፍተዋል። የጡረተኛው መምህር እጅ አገጫቸው ላይ ነበር፤ በሕይወታቸው ድምፅን መሞገት አቅቷቸው ዝም ሲሉ ያ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

ጸሐፊዋ መዝገቡን ገለጠች። «እሱ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ሶልያና ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ግን ቀደማት። ያፌት ሊነሣ ነበር።

«እሱ ነው» አለች ሙፊዳ።

ጸሐፊዋ ግራ ገባት። ቀና ብላ ያፌትን አየችው። ምስክሯ የቤተ ክርስቲያኒቱ ልጅ አይደለችም፤ በመዝገቡም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። ያፌት መልእክተኛውን አላየም። ጻፊ የሚል ምልክት በእጁ ሰጣት።

ጸሐፊዋ ብዕሯን አንሥታ የምስክሯን ሙሉ ስም ጠየቀች።

«ሙፊዳ ሱልጣን ከድር» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ፊደሉ እንዳይሳሳት።